ከመንግሥት ካዝና የወጡ ሃያ አራት ቋጠሮዎች

የሌላ ሰው ገንዘብ እየቆጠረ እንጀራ የሚበላ ሰው ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። ሌላውም ቢያነበው አይጎዳውም።

በደርግ ዘመን በመተማ ቆላ፣ ከሸሕዲ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ አንድ የመንግሥት የሰሊጥ እርሻ ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም። ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ወጣሁ እንጂ አስኳላ የሚባል አልገባሁም። መደመርና መቀነስን ጎንደር በአንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ስሠራ፣ ማባዛትና ማካፈልን ደግሞ ሰው ከጣለው የተማሪ መጽሐፍ በራሴ ተማርሁ። በዚህ እኮራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ጸሐፊዎች ሒሳብ ሲሳሳቱ ሳይ ፊቴን አልለውጥም፤ በሆዴ ግን እስቅ ነበር።

ገንዘብ ያዥ ያለ ዋስ አይቀጠርም። የእኔ ዋስ የሚስቴ አጎት ጋሽ እንግዳው ነበሩ። ጎንደር ልብስ ሰፊ ናቸው። ያላቸው ሀብት አንድ ባለ ሁለት ክፍል ቤትና አንድ የስፌት መኪና ነው። ሲፈርሙልኝ፣ «ቤቴን በኪስህ ይዘህ እንደምትዞር ዕወቅ» አሉኝ። አወቅሁ ብዬ ነበር።

ሰሊጥ ሲደርስ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል። ቆላው ሳሉግ ይላቸዋል። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ጊዜው ካለፈ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሳሉግ ከሌለ እርሻ የለም። እነዚህ ሰዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚከፈላቸውን ገንዘብ የሚያኖሩበት አልነበራቸውም። በአንድ ዳስ ውስጥ ሃምሳ ሰው ይተኛል። ከተማ ቢወጡ አረቄና ካርታ ይጠብቃቸዋል። በመንገዱም ሽፍታ አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ አንዱ ካቦ፣ ማለትም የቡድን አለቃ፣ የስንቱን አደራ ይዞ ሱዳን ተሻግሯል።

በዚያ ዓመት ወደ እኔ መጡ። አፈ ጉባዔያቸው አያ ይበልጣል የሚባሉ፣ ፂማቸው የሸበተ የጎጃም ሰው ናቸው።

«ልጅ አዳነ፣ ያ የብረት ሣጥንህ ሰው ይነክሳል ይሉናል። እውነት ነው?»

«ያለ ቁልፍ የነካውን ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያው የእኛንም ጥርሱ መሃል አድርግልን።»

«ደረሰኝ ልስጥዎት?»

«ደረሰኝ አይጥ ይበላዋል። ማንበብስ ማን ያውቅልሃል? እኛ ቋጠሮ እናውቃለነ።»

እያንዳንዱ ከራሱ ልብስ ቀዶ ቋጠረ። አንዱ ከጋቢው ጫፍ፣ አንዱ ከካኪ ሱሪው ኪስ፣ አንዱ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት። አቋጣጠሩም የየራሱ ነው። በየክፍያው ቀን መጥቶ የራሱን ለይቶ ያነሳል፤ ፈትቶ ይጨምርበታል፤ መልሶ ይቋጥራል። እኔ አልቆጥርም፤ አልመዘግብም። ሃያ አራት ነበሩ። ከካዝናው ታችኛ መደርደሪያ ላይ እንደ ጫጩት ተኮልኩለው ይቀመጣሉ።

በመንግሥት ካዝና የግል ገንዘብ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ይህን አላወቅሁም አልልም። ድሆች አመኑኝ ብዬ ደስ ስላለኝ ነው ያደረግሁት። ደስታ ደንብ ያስረሳል።

በኅዳር የመጨረሻው ትልቅ ክፍያ ቀን ወባ ያዘኝ። ጠዋት ብርድ ነበር፤ ረፋድ ላይ እሳት ሆነ። የመጋዘኑ ሠራተኛ፣ «ዛሬን ተኛ፤ ነገ ይከፈላቸዋል» አለኝ።

«ቁልፍ ይዤ አልተኛም» አልሁት።

«ቁልፉን ለአለቃው ስጠውና ተኛ።»

«ቁልፌን ለማንም አልሰጥም።»

ይህ ትዕቢት እንጂ ታማኝነት አልነበረም። ኪኒን ውጬ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥሁና ለመቶ አሥራ አራት ሰው ከፈልሁ። ሰሊጥ አጫጆች በቡድን ስለሚሠሩ የሁሉም ድርሻ እኩል ነበር። ስም ይጠራል፤ ጣት ቀለም ይነካል፤ እኔ ቆጥሬ እሰጣለሁ። ፊታቸውን እንኳ በደንብ አላየሁም። ሰው ሲያልቅ ቀሪውን ብቆጥር አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ብር ጎደለ። ደመወዜ በወር ሁለት መቶ ሠላሳ ብር ነበር።

ደግሜ ቆጠርሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰነድ አገላበጥሁ፤ የመደመር ስሕተት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ለአለቃዬ አልተናገርሁም። ለሚስቴም አልነገርኋትም። ቀስ እያልሁ ከደመወዜ እሞላዋለሁ ብዬ ወሰንሁ። ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ።

በስምንተኛው ቀን፣ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ አንድ ላንድሮቨር ከቢሮው በር ቆመ። የወረደው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ጓድ ኃይሉ እንደሚባልና ኦዲተር እንደሆነ ነገረኝ። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ካዝናውን አሳየኝ አለ። ከፈትሁት። አንድ ጊዜ ገርምሞ ዘጋው። ታችኛውን መደርደሪያ የሰነድ ክምር ስለጋረደው አላየውም።

«ከመታሸጉ በፊት እጠይቅሃለሁ» አለ። «ካዝናው ውስጥ የግልህ ወይም የሌላ ሰው ገንዘብ አለ?»

ይህ ጥያቄ ለማንም ገንዘብ ያዥ የሚቀርብ የተለመደ ጥያቄ ነው። መልሱ አንድ ቃል ነበር።

«የለም» አልሁ።

ለምን እንዳልሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አለ ካልሁ ስንት እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ስንት እንደሆነ ደግሞ አላውቅም። ግን ይህ ምክንያት በኋላ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ከፍርሃት በቀር የማስታውሰው የለም። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ፈረመበት፤ እኔንም አስፈረመኝና ቆጠራው ጠዋት እንዲሆን ቀጠረኝ።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያ ይበልጣል ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። ሥራው አልቋል። በማግስቱ ቀትር ከሸሕዲ የሚነሳ የጭነት መኪና ተስማምተዋል።

«ልጅ አዳነ፣ ጫጩቶቻችንን ልንወስድ ነው።»

«ነገ ጠዋት» አልኋቸው።

«ዛሬ ምን ሆነ?»

«ካዝናው ታሽጓል። እንግዳ መጥቷል።»

ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ ሳቀ። «ሣጥኑ ነከሰ በሉኛ» አለ። ሌሎቹም ሳቁ። አያ ይበልጣል ግን አልሳቁም። ፊቴን አይተው፣ «እንግዲህ ነገ እንላለነ» አሉና ሄዱ።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርሁ መተረክ አያስፈልግም።

ዓርብ ጠዋት ስመጣ ሃያ አራቱም ከቢሮው ፊት ለፊት ባለው ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጓዛቸው በጀርባቸው ነው። ኦዲተሩ እሽጉን አየ፤ ቀደደው። ብሩን በየዓይነቱ እየለየ ቆጠረ። ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር አስተያየው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ብር ይጎድላል። ታውቀዋለህ?»

መዝገቡን ዘጋሁት።

«ታውቀዋለህ ማለት ነው» አለና ሰነዶቹን ማውጣት ጀመረ። ክምሩ ሲነሳ ቋጠሮዎቹ ታዩ። ጎንበስ ብሎ አያቸው። አንዱን በሁለት ጣቱ አነሳ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

ክፉ ሰው አልነበረም። በደረቁ፣ ደንብ እንደሚያነብ ሰው ተናገረ።

«ስማ ጓድ አዳነ። ይህ የራስህ ገንዘብ ከሆነ እፈታና እቆጥራለሁ፤ ጉድለቱን ትተካለህ፤ ቀሪውን ትወስዳለህ። ጉድለት ተገኝቶ ወዲያው ተተካ ብዬ እጽፋለሁ። ተግሣጽ ይደርስህ ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም። የሌላ ሰው ከሆነ ግን ጉድለቱ እንዳለ ይቆማል። በዚያ ላይ የግል ገንዘብ በመንግሥት ካዝና አኑረሃል፤ ትናንትም የለም ብለህ ዋሽተኸኛል። ከአንተ ካልተገኘ ዋስህ ይጠየቃል። የማን ነው?»

በመስኮቱ የግራሩ ጥላ ይታየኛል። ሰዎቹ አይሰሙንም። ደረሰኝ የላቸውም። ቋጠሮ ተፈትቶ መልሶ ሊቋጠር ይችላል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ልቤ ማካፈሉን ጨርሶ ነበር፤ ለሃያ አራት ቢካፈል ከእያንዳንዱ ሃምሳ ብር እንኳ አይደርስም። ቀስ ብዬ በደብዳቤ እልክላቸዋለሁ። ለማን እንደምልክ፣ በየትኛው ፖስታ ቤት፣ አላሰብሁም። ያሰብሁት የጋሽ እንግዳውን ቤት ነው።

«የእኔ ነው» አልሁ።

«ትናንት የለም ብለኸኝ ነበር።»

«ረስቼው ነው።»

«ሃያ አራት ቋጠሮ ይረሳል?» አለ፤ ግን አልተሟገተኝም። ሥራው እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ነው። ወረቀት ዘርግቶ የመጀመሪያውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረ። ጠንካራ ነበር፤ በጥርሱ ሁሉ ሞከረው። ሲፈታ ከብሮቹ መሃል አንዲት የተላጠች ቀጭን እንጨት ወደቀች። ስንዝር ልትሞላ ጥቂት ይቀራታል። በሁለቱም ጫፍ በቢላ ተቆርጣለች። ኦዲተሩ ቆሻሻ መስላው ወደ መጣያው ቅርጫት ሊወረውራት እጁን አነሳ።

«አይጣል» አልሁ። ቃሉ ሳላስበው ነው የወጣው።

«ምንድን ነው?»

«የእግር ልክ ነው። ጫማ መግዣ።»

ደገኛ ለልጁ ጫማ ሲገዛ ልጁን ይዞ ገበያ አይወጣም። እግሩን በእንጨት ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ያችን ይዞ ይሄዳል። የጎንደር ከተማ ልጅ የሆነው ኦዲተር ግን ይህን አያውቅም ነበር።

«የማን እግር?» አለኝ።

ልጆች አሉኝ፤ የልጄ ነው ብል ይበቃ ነበር። እንጨቷን አየኋት። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ እግር ናት። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት፣ ስሙ ማን ይሁን፣ ቤቱ በየትኛው ወረዳ ይሁን አላውቅም።

«አላውቅም» አልሁት። «የእኔ ልጅ አይደለም። ገንዘቡም የእኔ አይደለም።»

ኦዲተሩ እንጨቷን ቀስ ብሎ ከብሩ አጠገብ አኖራት። «ምን እያልህ እንደሆነ ገብቶሃል?» ሲለኝ፣ ገብቶኛል አልሁት። «እንግዲያው ባለቤቶቹን ጥራ።»

አንድ በአንድ ገቡ። ኦዲተሩ እንዲህ አደረገ፦ ሰውየው ከሩቅ ሆኖ የራሱን ቋጠሮ ያሳያል፤ ስንት ብር እንዳለበት ይናገራል፤ ከዚያ ይፈታል። የመጀመሪያው ሰው የተፈታችውን ጨርቅ ሲያይ ቆመ። ብሩን ሳይነካ እንጨቷን አንስቶ ኪሱ ከተተ። «መቶ ስልሳ አንድ» አለ። ልክ ነበር። ትናንት የሳቀው ጎረምሳ መቶ አርባ አምስት ብሎ መቶ አርባ ሰባት ሆነ።

«ሁለት ብር ወለደች» አለ።

«ሁለት ብር ሳትቆጥር ቋጥረህ ነው እንጂ» አሉት አያ ይበልጣል። «ጭንቅላትህ ከጋቢህ የባሰ የተቀደደ ነው።»

ሁሉም ተፈታ፤ ሁሉም ጣቱን ቀለም ነክቶ ፈረመ። ድምሩ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር አለፈ። ሊወጡ ሲሉ አያ ይበልጣል ወደ ኦዲተሩ ዞሩ።

«ጌታው፣ ይህ ልጅ ለምን ላቡ ይወርዳል? አጥፍቷል?»

«ገንዘብ ጎድሎበታል።»

«ስንት?»

ነገራቸው። አያ ይበልጣል ከመሃላቸው የቆመውን ካቧቸውን አዩት፤ ካቦው መሬት አየ።

«በወባው ቀን ነው?» አሉኝ።

«በዚያ ቀን ነው።»

«ይህ ልጅ ያን ቀን ለሁላችን ሃምሳ ሁለት ብር ሰጥቶናል» አሉ። «ካቧችን የነገረን አርባ ሁለት ነበር።»

ኦዲተሩ የክፍያውን ሰነድ ሳብ አደረገ። አርባ ሁለት ይላል። ስሞቹን ቆጠረ። መቶ አሥራ አራት። ትርፉን አሥር ብር በእርሳስ አባዛው፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ እርሳሱን አየው ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ የመደመር ስሕተት ስፈልግ ጉድለቱን ለተከፋዮቹ ሰዎች ቁጥር ማካፈል አልታሰበኝም። በራሴ በተማርሁት ማካፈል የምኮራ ሰው።

«አውቃችኋል ማለት ነው?» አላቸው ኦዲተሩ።

«አውቀናል» አሉ አያ ይበልጣል። «ለምን እዋሻለሁ? አውቀን ዝም አልነ። መንግሥት ሰጠን አልነ። መንግሥት ደግሞ አሥር ብር ይርበዋል? የሚከፍለው ይህ ልጅ እንደሆነ ማን ነገረን።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ደመወዝህ ስንት ነው?»

ነገርኋቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። ከእጃቸው ካለው አሥር ብር ለይተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ጓደኞቻቸውን ያዩ ጀመር። አልተቆጡም፤ አልለመኑም። አሥራ ሰባት ሰው አሥር አሥር ብር አኖረ። ሰባቱ አላኖሩም። አንዱ፣ «እኔ አልሰረቅሁም፤ እሱ ነው የሰጠኝ» ብሎ ወጣ። ሌላው ደግሞ እናቴ ታማለች አለ። ቀሪዎቹ ጓዛቸውን ተሸክመው ሄዱ። በዚያ ጊዜ በሰባቱ ተናድጄ ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት ከእያንዳንዳቸው ሃምሳ ብር ልወስድ እንደነበር ለመርሳት የፈጀብኝ ይህን ያህል ነው።

ኦዲተሩ መቶ ሰባውን ብር በደረሰኝ ገቢ አደረገ። ዘጠኝ መቶ ሰባው በእኔ ላይ ተጻፈ። «የጉድለቱ ምክንያት ታውቋል፤ ስርቆት አይደለም ብዬ እጽፋለሁ» አለኝ። «ስምንት ቀን መደበቅህንም እጽፋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።»

ጎንደር ወጥቼ ለጋሽ እንግዳው ነገርኋቸው። መርፌያቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝ። እንዲህ አሉኝ፤ «ወባ ይዞህ ብትሳሳት ሰው ነህ። ግን ቤቴ ስምንት ቀን ሲቃጠል አንተ ጭሱን በእጅህ ከልለህ ተቀመጥህ። ዋስትናዬን አነሳለሁ።» ሚስቴ አለቀሰች። እኔ አልተከራከርሁም። ዋስ የሌለው ሰው ገንዘብ አይዝም። ወደ መጋዘን ተዛውሬ ሰሊጥ መዛኝ ሆንሁ። ደመወዜም ቀነሰ፤ ዕዳው በየወሩ እየተቆረጠ በሁለተኛው ዓመት አለቀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት የገባው አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው።

አንባቢዬ፣ ምክር አትወድ ይሆናል፤ እኔ ግን ሳልመክር አላልፍም። የሰው ገንዘብ ከያዝህና ከጎደለብህ በዚያው ቀን ተናገር። በዚያው ቀን ስሕተት ነው። በማግስቱ ምሥጢር ይሆናል። በሳምንቱ ደግሞ ከሌላ ሰው ቋጠሮ ጋር መተያየት ትጀምራለህ። ሌባ ሆኖ የሚጀምር ገንዘብ ያዥ ብዙ አላየሁም። ጉድለቱን ሊሸፍን ሲል ሌባ የሆነ ግን አይቻለሁ። ተቀባይም ከሆንህ፣ ከመስኮት ማዶ ያለው እጅ ትርፍ ሲሰጥህ ከመንግሥት መጣ አትበል። ትርፉ ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ደመወዝ ነው የሚወጣው።

ከዚያ ወዲህ ኩራቴ ቀነሰ ማለት እችላለሁ። ስታመም እተኛለሁ። ሒሳቤን ሰው ሲያይልኝ አልቆጣም። ልጆቼ ጥብቅ አባት ይሉኛል። እውነት ነው፤ በአምስት ሳንቲም መልስ እንኳ ወደ ሱቅ መልሻቸዋለሁ።

እነዚሁ ልጆች ዛሬ አድገው ታሪኩን ለእንግዳ ያወራሉ። «አባታችን ካዝናው ተከፍቶ፣ ዋሱ ቤቱን ሊያጣ ሲል፣ የድሆቹን ገንዘብ የእኔ አይደለም ብሎ መለሰ» ይላሉ። እንግዳውም ያደንቀኛል። ኦዲተሩ «የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የመለስሁትን ግን ይዘሉታል። አክብረውኝ ነው። ብዙ ጊዜ አርሜአቸዋለሁ፤ እንደገና ይዘሉታል። ስለዚህ ነው በራሴ እጅ የጻፍሁት። መጀመሪያ ያልሁት «የእኔ ነው» ነበር።